ከፉፋ ጎሚስታ ፊት ለፊት

አቶ ኪዳነወልድ አዳማ ውስጥ ባለ አራት ክፍል ቪላ፣ ትልቅ የብረት በርና ለትዳር የደረሰች አንዲት ልጅ አሏቸው። የሌላቸው አድራሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ደብዳቤ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ሰው ቤት አይደለም። ቤት ለሚፈልግ እንግዳ የሚነገረው ምልክት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ። የአቶ ኪዳነወልድ ቤት ምልክት ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነው፤ «ከፉፋ ጎሚስታ ፊት ለፊት»። ፉፋ ከአስፋልቱ ማዶ ጎማ ይጠግናል። ከልጁ ከጂቱ ጋር የሚኖረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው።

«ጡረታ የወጣሁት በመምሪያ ኃላፊነት ነው» ይላሉ አቶ ኪዳነወልድ። «አድራሻዬ ግን የሰው ጎማ!»

ስለዚህ ሰፈሩ ለአዲሱ የቤት ኮድ ሙከራ ሲመረጥ ከእሳቸው በላይ የተደሰተ አልነበረም። ሰኞ ዕለት በየበሩ ሰማያዊ ታፔላ ተለጠፈ። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ቀጠናውን፣ የኋለኞቹ ሁለት ቤቱን ይናገራሉ። የቀጠና ድንበሩ አስፋልቱ ነው። የአቶ ኪዳነወልድ በር 04-17 ሆነ። ማዶ ያለው የፉፋ በር 01-17።

«እንቁ!» ብለው ልጃቸውን ተጣሩ። «ይህን ቁጥር አሁኑኑ ለምንተስኖት ላኪለት። እሁድ የሚልካቸው ሽማግሌዎች በዚህ ይምጡ። ጎሚስታ የሚባል ቃል እንዳይነሳ፤ መንገድ ላይም ማንንም እንዳይጠይቁ።»

«አባዬ፣ ሰዎቹ ከባቱ ነው የሚመጡት እኮ። አዳማን አያውቁም። እኔንም አይተውኝ አያውቁም፤ ስሜን እንኳ አብሬ ልላክ?»

«ሽማግሌ የሴት ልጅ ስም አይጠራም። ‹ልጅዎን ለልጃችን› ይላል፣ አለቀ። ቁጥር ደግሞ የተፈጠረው ለማያውቅ ነው።»

እንቁ 04-17 ብላ ላከች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘው አባቷ በሰበብ አስባቡ ሰርዘውባታል። ሦስተኛው ከተበላሸ የምንተስኖት ወገን ዳግመኛ እንደማይመጣ ቁርጡን ተናግሯል። ስለ ጎማ ብላ የምትጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበራትም።

ማክሰኞ ጎረቤታቸው አብተው ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ 04 ውስጥ እነማን እንዳሉ አዩ?»

«እነማን አሉ?»

«የፍየል ገበያው። ቄራውም አለበት።»

«01ስ?»

«ባንኮቹ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች … ምን ልበልዎት፣ ሰው የሚባለው ሁሉ።»

አቶ ኪዳነወልድ ብድግ አሉ። «ሽማግሌ ፊት ከፍየል ጋር ሊደምሩኝ ነው?»

ያን ዕለት ማመልከቻ ጻፉ። ሦስት ገጽ ሲሆን «ታሪካዊ ማንነታችን» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ይገኝበታል። ሰፈሩ ከተቆረቆረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ረቡዕ ፊርማ አሰባሰቡ። ሐሙስ መልስ አገኙ፤ የማዶ ነዋሪዎች ከተስማሙ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች የቀጠና ቁጥራቸውን መለዋወጥ ይችላሉ። ማዶ ያሉት ደግሞ ፉፋ የሚለውን ነው የሚሰሙት።

አቶ ኪዳነወልድ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልቱን ተሻገሩ።

«አካም ጅርቱ ጋሼ ኪዳኔ!» አለ ፉፋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ጉዳዩን ሰምቶ ሳቀ። «ቁጥሩን ነው? ውሰዱት።»

«ዝም ብለህ?»

«እኔን ሰው የሚያውቀኝ በጎማ ነው። 04 ስለሆንኩ ጎማ መፈንዳቱን አይተው!»

አቶ ኪዳነወልድ አመስግነው ቢመለሱም ልባቸው አላረፈም። «01ን የሚያህል ነገር በፈገግታ?» አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ መሰለች። «ይህ ሰው አንድ ነገር አስቧል። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ታፔላዬን ሊነቅልብኝ ይሆናል።»

ቅዳሜ ታፔላዎቹ ተቀያየሩ። አቶ ኪዳነወልድ በያጅ ጠርተው 01-17ን በአራቱም ማዕዘኑ በሩ ላይ አስበየዱት። ማዶ ፉፋ 04-17ን በአንድ ሚስማር ሰቀለ።

እሁድ በግ ታረደ፤ እንቁ የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አቶ ኪዳነወልድ ታፔላውን ለመጠበቅ ወደ በሩ ሲሄዱ ወይዘሮ መሰለች ክራቫታቸውን ይዘው መለሷቸው።

«የልጅ አባት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ሽማግሌ ይቀበላል? ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። ጆሯቸው ግን ውጭ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ሲቆም፣ የመኪናው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ያንኳኳ ግን የለም።

«የጎሚስታው ደንበኛ ነው» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። «እሁድ እንኳ አያርፍም።»

ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እንቁ ስልኳን አነሳች።

«ልደውል አባዬ?»

«ሴት ወገን አይደውልም። ለምነው ሰጡ ያሰኛል።»

አሥር ሰዓት ሲሆን የእንቁ ስልክ ድምፅ አሰማ። መልእክቱን አንብባ ፊቷ በራ። «ምንተስኖት ነው! ‹አባቶች ማንንም ሳይጠይቁ ቤቱን አግኝተውታል› ይላል።»

«አያችሁ?» አቶ ኪዳነወልድ ጭናቸውን መቱ። «ቁጥር ማለት ይህ ነው!»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሁሉም ተነሱ። አቶ ኪዳነወልድ ክራቫታቸውን አስተካክለው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። የቆመው ፉፋ ነው፤ ኮት ደርቦ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ እንኳን ደስ ያለህ በሉኝ፤ ከባቱ ድረስ ሦስት ሽማግሌዎች ‹ልጅዎን ለልጃችን› ብለው መጥተውልኝ እሺ ብያለሁ፤ ጂቱ ግን ዓይነ አፋር ናት መሰለኝ፣ ምንተስኖት የሚባል ሰው አላውቅም ብላ ድርቅ አለች።»