ሰማዩን በቢላ

ሥዕልን በገዛ ዓይን አይቶ መተርጎም ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የሥዕሉን ስሜት የሚናገረው ድምፅ ማውጫ የተገጠመለት ፍሬሙ ነው። ባለቤቴ አያልነህ ከመሞቱ በፊት በሳለው የወንዝ ሥዕል ፊት ባለፍኩ ቁጥር ፍሬሙ፣ "ሰላም፤ እርጋታ፤ ለስላሳ የብሩሽ አጣጣል" ይለኛል። ትናንት ድምፅ ማውጫውን በሊጥ ደፈንኩት።

ዝም ያለ ፍሬም ወዲያው ይታወቃልና ዛሬ ተቆጣጣሪ መጣ። ናሁሰናይ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው።

"እማማ፣ ይሄን ሊጥ ማን ለጠፈው?"

"እኔ። ውሸት ሰለቸኝ።"

"ፍሬም እኮ አይዋሽም።"

ከጓዳ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ ስመጣ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

"አይዞህ፤ እጀታውን እይ" አልኩት። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። "ወንዛችን በሲሚንቶ የተደፈነ ቀን አያልነህ ብሩሹን ወርውሮ ሰማዩን በዚህ ነው የፋቀው። ሸራው ሊቀደድ ምንም አልቀረውም ነበር። በል ዓይንህን ጨፍንና ዳስሰው።"

"አይፈቀድም እማማ።"

"የተከለከለው በዓይን ነው። በጣት የሚል አንብበሃል?"

ትንሽ አሰበና ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ በሰማዩ ጭረቶች ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ አንዱ ጥልቅ ጭረት ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ባለቤትዎ ተናደው ነበር" አለ።

ከዚያ እንደ መባነን ብሎ የቁጥጥር ቅጹን አወጣ። "ሊጡን ያነሱታል?"

"አላነሳም ብለህ ጻፍ።"

ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ተመለሰና ጠርዙ ላይ የላላውን ሊጥ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ደፈነው።