የሳቢና ካሴት

አዴላ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሽማግሌው ኤውቲሚዮ ቴፓቸውን እንደ ታመመ ጠቦት አቅፈው ጠበቋት። ሰላምታም ሳያስቀድሙ የካሴቱን መክተቻ ከፈቱት። «በይ ክተቺልኝ፣ ልጄ። ሳቢናን ጥር ላይ ቀበርናት። ድምጿ ግን አንቺ ጋ ነው።»

እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። የስፓኒሽ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ የጥንት ዜማዎችን ከአረጋውያን አፍ ትለቅም ነበር። ለትምህርት ክፍሉ በሙሉ የነበሩት ካሴቶች ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ የአንዱ መንደር ዜማ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ በዚያው ካሴት የሚቀጥለው መንደር ይቀዳበታል። በሽማግሌው ሚስት በሳቢና ድምፅ ላይ የሌላ መንደር ሴት ከዘፈነችበት አምስት ወር አልፏል።

«አባባ፣ ሌላ ተቀድቶበታል» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ። «ቃሉ ግን እዚህ አለ፣ አንድም አልጎደለ።» በታይፕ የተመታውን ወረቀት አወጣች።

«እኔ ማንበብ የት አውቄ። በይ አንብቢልኝ።»

እዚያው እንደቆመች አነበበችላቸው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲከተሏት ቆዩና ድንገት እጃቸውን አነሱ። «እዚህ ጋ እኔ ገብቼ አበላሸሁባት። “ዝም በል አንተ በቅሎ፣ ልጅቷ እየቀዳች ነው” አለችኝና ሳቀች፣ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። እሱስ የታለ?»

ያንን ከጽሑፉ ቆርጣ ያወጣችው አዴላ ራሷ ነበረች። በስንኙ ጠርዝ ላይ መምህሯ በቀይ ብዕር «ንጹሕ ሥራ» ብሎ ጽፎላታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀዩን ጽሑፍ በጣታቸው ነኩት።

«ሳቋ ይቺ ናት?» አሉ።