የቫህራም ሰዓት ሆድ ዕቃ

ሰዓት ከባለቤቱ ክንድ ከወረደ በኋላ ይህን ሁሉ ዓመት የት ይኖራል? ማንስ ይሞላዋል? እኔ ይህን አስባለሁ፤ ሰዓት ጠጋኙ ባርሴግ ደግሞ ሳሎኔ ተቀምጦ የጀርባ ክዳኑን በቢላዋ ጫፍ ይፈለቅቃል።

«ቀስ በል እንጂ» እለዋለሁ።

«እትዬ ሲርቫርት፣ ነፍሱን ይማረውና ባልሽም እንዲሁ ነበር። በመላው ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ሰዓት የሚከፍት እሱ ብቻ የተፈጠረ ይመስለው ነበር።»

የሚስቅለት የለም። የልጅ ልጄ ናሬግ ጃኬቱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሰዓቱን ያገኘው እሱ ነው፤ ተራራው ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሽማግሌ ዘንድ። ቀፎው የአባቱ ለመሆኑ ጥርጥር የለንም፤ ባሌ በገዛ እጁ የቀረጸው «ቫህራም» የሚል ስም በአርመን ፊደል ጀርባው ላይ አለ። ልጄ ቫህራም በጦርነቱ ጊዜ፣ ስለተያዘ ጓደኛው ሊጠይቅ ወደዚያው ተራራ እንደወጣ ቀረ። መቃብር እንኳ የለውም። ናሬግ ያኔ በእናቱ ሆድ ነበር።

«ሽማግሌው ‹ቀፎው ከአንዱ፣ ማሽኑ ከሌላው፣ ከውዳቂ የገጣጠምኩት ነው› ብሎኛል» ይላል ናሬግ። «ማሽኑ ኦሪጅናል ከሆነ ግን ዋሽቷል። ሙሉውን ከአባቴ ክንድ ፈትቶታል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ሄጄ አባቴን የት እንደጣለው እጠይቀዋለሁ።»

እጠይቃለሁ። አባቱም ሲወጣ ያላት ይቺኑ ነበር።

«ሽጉጥ ቢኖረውስ?»

«እማማ፣ ሽጉጡን ለማግኘት መጀመሪያ መነጽሩን መፈለግ አለበት።»

«ልጆቹስ? የልጆቹ ዓይን ደህና ነው!»

ክዳኑ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ባርሴግ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ያጎነብሳል። እመቤቴ ሆይ፣ የሌላ ሰዓት ማሽን አድርጊው እላለሁ በሆዴ።

«አይ» ይላል ባርሴግ። «ኦሪጅናሉ አይደለም። ከሌላ ሰዓት የወጣ ነው፤ ለቀፎው ያንሳል። እንዳይወዛወዝ ዙሪያውን በነሐስ ቀለበት አጥብቀውታል፣ በእጅ የተሞረደ። ማንም ይሁን፣ እጁ ይባረክ! በል ናሬግ፣ ሽማግሌህ እውነቱን ነው። ተወው።»

ጸሎቴ ተሰማ። ግን ምን አለ ባርሴግ?

የነሐስ ቀለበት። ቫህራም በሰርጉ ሰሞን ሰዓቱን እንዳሰረ ባሕር ገብቶ ጨው ማሽኑን በላው። ባሌ ሌላ ማሽን ከተተለት፤ ቀለበቱን የቆረጠው ከእኔ የነሐስ ትሪ ጠርዝ ላይ ነበር። «ለሰዓት ብለህ የእናቴን ትሪ!» ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኼበታለሁ። ስለዚህ ሽማግሌው ምንም አልገጣጠመም። ሰዓቱን እንዳለ ነው የወሰደው።

ባርሴግ ሰዓቱን ይሞላዋል። መምታት ይጀምራል፣ ትንሽ እንደሚያነክስ ሰው እየተጎተተ። ቫህራም ሲመሽበት በጨለማ ደረጃውን ሲወጣ የምሰማው ይህንኑ የሰዓቱን ምት ነበር። አሁንም ከበሩ ውጭ ቆሞ ቁልፉን የሚፈልግ ይመስለኛል።

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወይን አቅርቤበታለሁ። የጎደለው ጠርዝ ወደ ናሬግ ዞሯል። እጄ ሳላዘው ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለውን ፎጣ ስቦ ጠርዙን ይሸፍናል።

ናሬግ እጄን ያያል።

ይመጣል። ፎጣውን በሁለት ጣቱ ያነሳል። የተቆረጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ቁስል እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል።

«ወይን ብላ እንጂ፣ ልጄ» እላለሁ።

ሰዓቱን ከባርሴግ እጅ ይወስዳል። ክዳኑን ተጭኖ ይገጥመዋል፣ ክንዱ ላይ ያስረዋል፣ ወደ ተራራው ሊወጣ በሩን ከፍቶ ይሄዳል።

ባርሴግ ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወልቅ የተከፈተውን በር ያያል።