ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ «ልጅቷን አባቷ መጥቶ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት፤ ማንም አልከለከለኝም» ይላሉ። እናትየዋ «ለአባቷ እንዳትሰጧት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» ትላለች። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ውስጥ ተገኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ አትናገርም።

የወላጆች ኮሚቴ ጥበቃውን ለማሰናበት ተሰብስቧል።

«ደውለው እናቷን መጠየቅ አቃትዎት?» አለ አንዱ አባል።

«ልጅን ከአባቷ በምን አፌ ልከልክል፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ጥበቃ።

ርዕሰ መምህሯ መስከረም ላይ በምዝገባ ጊዜ የተሞላውን ቅጽ አወጡ። «ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው» ከሚለው ሥር የአባትየው ስም በእናትየዋ እጅ ተጽፏል። ያኔ ከተፋቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።

እናትየዋ ቅጹን ተቀብላ አየችው።

«ጎረቤቶቼ ከኋላዬ ተሰልፈው ነበር» አለች። «መፋታታችንን እንዳያውቁብኝ ጻፍኩት። ለጥበቃው ለጋሼም እንዳይሰጧት አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሥራቸው ላይ ይቆዩ። አዲስ ቅጽ ስጡኝ፤ እዚሁ ፊታችሁ እሞላዋለሁ።»