የድሮው በር

ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ» ብለው አባቱን ከመለሷቸው ወዲህ፣ ልጅየው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጎዳቸው ብሎ፣ ከአሮጌው የድንጋይ ቤት ፊት ለፊት የመስታወት ክፍል ያሠራ፣ ሙቅ ውሃም ያስገባ ጀመር። ፀሐይ ከሞቁ ይድናሉ ብሎ ራሱን አሳምኗል።

አባት ስለ መስታወቱም ስለ ሙቅ ውሃውም ግድ አልነበራቸውም። አልጋቸው ላይ ሆነው ነጋ ጠባ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «የድሮውን በር አስፉት።»

«አባባ፣ መኪና ሊያስገቡ ነው እንዴ?» አለ ግንበኛው ድንጋዩን እየጠረበ። አባትም ሳቁ።

ልጁ ሳቃቸውን ሲሰማ ልቡ ሞላ። ሊኖር ያላሰበ ሰው ስለ በር አይጨነቅም ብሎ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«ይሰፋል አባዬ። ሰፊ ሶፋ አስበው ነው አይደል?»

«ሶፋ ምን ያደርግልኛል ልጄ?» አሉ እጁን ይዘው። «እናትህን ያወጣናት ቀን ሕፃን ነበርክ፣ አታስታውስም። በሩ ጠቦን የሬሳ ሣጥኑን በጎን አዘንብለን ነው ያሳለፍናት። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ፣ እኔን እንኳ እንደ ተኛሁ አውጡኝ።»