ከኢንተርቪው በፊት ያለው እሁድ

ባህሩዲን የልጁን ፊት ያየው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ነው። የግራ ዓይኗ ሥር በልዟል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ልጁ ከድሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ብረት መታኝ አለች። ባለፈው ሳምንት አንገቷ ላይ ለታየው ሰንበርም ምክንያቷ ያው ብረት ነበር።

ከድሪያ የኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። ማክሰኞ ኢንተርቪው አላት። ካለፈች የሳተላይት ሞተር የሚሠራ ካምፓኒ ኮሎራዶ ይወስዳታል።

ታላቅ ወንድሟ ሙሀይሚን እዚያው ትምህርት ክፍል ገብቶ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወድቆ ወጣ። አሁን ብሩክሊን ፓርክ በሚባል የከተማ ዳርቻ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ያወርዳል። እህቱን ወደ ካምፓስ ድራይቭ የሚያደርጋትም እሱ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ሙሀይሚን፣ ዕቃ ሲያወርድ ተላጠብኝ ያለውን እጁን በፋሻ እየጠቀለለ፣ አባቱን ለብቻው አነጋገረው። ናፍያድ የሚባል ልጅ እንዳለ፣ ከድሪያ ለኢንተርቪው እንዘጋጃለን እያለች ከእሱ እንደማትለይ ነገረው።

“የሚመታት እሱ ነው” አለ።

ባህሩዲን ልጁን ጠርቶ እዚያው ጠየቃት። ከድሪያ ወንድሟን ቀና ብላ አየችና አቀረቀረች። ማንም አልነካኝም አለች። ባህሩዲን አላመናትም። ልጁ ሰው መፍራቷን አወቀ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደሙ ሲፈላ አደረ።

እሁድ ከሰዓት ሙሀይሚን ደወለለት። ሁለቱን ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ አግኝቷቸዋል። ባህሩዲን ሲደርስ ሙሀይሚን የጎማ መፍቻ ብረት አቀበለው። “አባቷ አንተ ነህ” አለው።

ናፍያድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ ላፕቶፕ ዘርግቶ ከድሪያን ጥያቄ ይጠይቃታል። ሽማግሌውን ሲያይ ላፕቶፑን አስቀምጦ ወረደና ሰላም ሊለው እጁን ዘረጋ።

ባህሩዲን የተዘረጋውን እጅ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ልጁ ሲጎነበስ ትከሻውን ደገመው፤ ሲወድቅ ጎኑን በእግሩ ረገጠው። ናፍያድ በደህናው እጁ ራሱን ከመሸፈን በቀር አልተከላከለም። በሚቀልጠው በረዶ ላይ ደም ተፋ። ባህሩዲን ክንዱ እስኪዝል አላቆመም።

ከድሪያ በሌላው በር ወጥታ እየጮኸች ወደ አባቷ ሮጠች። ከአባቷ ኋላ ሙሀይሚን ቆሟል። ስታየው ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባችና በሮቹን ቆለፈች።

ባህሩዲን ብረቱን ጥሎ መስኮቱን አንኳኳ። በቃ፣ ከእንግዲህ አይነካሽም አላት።

ከድሪያ መስታወቱን ጥቂት ዝቅ አደረገች።

“አባዬ፣ ናፍያድ እኮ ከሙሀይሚን ነው የሚደብቀኝ።”