የእናቱን ፎቶ ለከባድ ቃል ማስታወሻ ያደረገው መምህር

ጠጋ በሉ ልጆቼ... ክረምቱም ገብቷል፣ ዝናቡም መውጫ አሳጥቶናል፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ደግሞ ያስቃል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እኔ ከሰማሁት ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው!

«አንቺ... ይሄ የኔ ፎቶ አይደለም እንዴ?»

አለች ሴትየዋ፣ ካውያዋን አስቀምጣ የሥራ ጓደኛዋን ስልክ እያየች።

ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። እንፋሎቱ ፊቷን እየለበለባት ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች።

ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ልጅ አላት። የእንግሊዝኛ መምህር ሆኗል። በስልክም ከባድ ከባድ ቃል እየለቀቀ ያስተምራል፣ ተከታዩ እንደ ጉድ ነው።

ዘዴው ምን መሰላችሁ? ቃሉን ከሚያውቀው ሰው ፊት ጋር ያጋባዋል።

«ሎኩዌሽየስ» ይልና... ለፍላፊ ማለት ነው አሉ... የጎረቤቱን ዘበኛ ፎቶ ይለጥፋል። እኔን ቢያገኘኝማ ዘበኛው ያርፍ ነበር!

«ኦብስቲኔት»... ግትር... የአጎቱ ፎቶ።

«ፊቱን ካስታወሳችሁ ቃሉ አይጠፋችሁም» ይላል። በዚህስ እውነቱን ነው።

ያን ቀን የለጠፈው ግን የገዛ እናቱን ነው። ጎንበስ ብላ ያለቀ ሳሙና ቁርጥራጭ እርስ በርሱ ስታጣብቅ፣ ሳታየው ያነሳት።

ሙዚቃ አለው፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረች።

«አንብቢልኝ እስቲ፣ ምን ብሎኝ ነው?» አለቻት አጠገቧ የምትሠራዋን ልጅ። ቀጮ ነው የሚሏት።

ቀጮ በልቧ አነበበች... ፊቷ ልውጥ አለ።

«ፓርሲሞኒየስ። ቆንቋና፣ እጁ የማይፈታ። ማስታወሻ፦ የሳሙና ፍርፋሪ የምታጠራቅመው እናቴ» ይላል! ከሥሩ አገር ምድሩ ይስቅባታል።

እንዴት አድርጋ ትንገራት?

«እ... ፓርሲሞኒየስ ይላል እትዬ። ቸር... እጇ የተፈታ ሴት ማለት ነው።»

«እኔን? እሰይ የኔ ልጅ! በሉ ከዛሬ ጀምሮ እንደሱ ብላችሁ ጥሩኝ!»

አብረዋት የሚሠሩት ልጆች አንጀታቸው አልችል አላቸው... ጠሯት።

«እትዬ ፓርሲሞኒየስ፣ አንሶላ መጣ!»

«እትዬ ፓርሲሞኒየስ፣ ትንሽ ተቀመጪ እንጂ!»

እሷም በኩራት «አቤት!» ትላለች... ወይኔ ሴትዮዋን!

ቆንቋና? እሷ?

ሆቴሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ያለፈ ሠራተኛ ወደ ሪሴፕሽን ይዛወራል ብሎ ነበር። ቀጮና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚማሩት የሴትየዋ ልጅ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ እሱው ዘንድ ነው። እነሱ ሲማሩ ፈረቃቸውን የሚሸፍነው ማን ነበር? እሷ! እግሯ እስኪያብጥ ቆማ የነሱን አንሶላ የምትተኩሰው እሷ!

ሳሙናውንስ ለማን ብላ ነው ማጣበቅ የጀመረችው? ያ ጉደኛ በንጹሕ ሸሚዝ ተማሪ ቤት እንዲሄድ አይደል? በዚያው ልማድ ሆኖባት ቀረ እንጂ!

ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ይሏችኋል ይሄ ነው።

እሱ እቴ፣ ምን ቸገረው... ክፍል ውስጥም ያንኑ ፎቶ ግድግዳ አሳክሎ እያሳየ አስተማረበት!

ፈተናው ደረሰ። ለልጆቹ ከእንፋሎቱ መውጫቸው ነው፤ ለሱም ቋሚ መምህርነቱ የሚጸድቅለት በነሱ ውጤት ነው።

ውጤት የሚነገር ቀን እናትየው ኮቱን ተኩሳ ይዛለት መጣች። አምሮበት ይታይልኝ ብላ... በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወረቀቶቹን ይዛ ገባች።

«መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ፓርሲሞኒየስን ሌላው ተማሪ ሁሉ ቆንቋና ብሎ መልሷል። ከሆቴሉ የመጡት ግን አንዳቸውም ሳይቀሩ 'ለጋስ' ነው ያሉት። ተኮራረጁ እንዳልል ለየብቻ ነው ያስቀመጥናቸው።»

መምህሩ ሳቀ።

«ደንቆሮዎች ናቸዋ! በፎቶ አስተምሬያቸው እንኳ...»

ቀጮ ብድግ አለች። የአንገቷ ሥር ተገትሯል።

«አዎ፣ በፎቶ ነው ያስተማርከን! ቃሉን ሳየው እናትህ መጣችብኝ። እናትህ ስትመጣብኝ ደግሞ የኔን አንሶላ ቆማ ስትተኩስ ነው የታየችኝ። እጄ እንዴት ብሎ 'ቆንቋና' የሚለውን ያክብብ? ዘዴህማ ሠርቷል መምህር... ውሸታሙ ፎቶው ሥር የጻፍከው ነው!»



«ቆንቋና?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። እናትየው ኮቱን እንደታቀፈች ናት።

«ቀጮዬ... ቸር ማለት ነው አላልሽኝም?»

ቀጮ አቀረቀረች።

«እማዬ፣ ለቀልድ እኮ ነው... ሰው ቃሉን እንዲያስታውስ ብዬ...»

«ሰው እንዲያስታውስ!»

ተቆጥታ የማታውቅ ሴት፣ ያን ቀን ድምጿ ግድግዳውን ሊሰነጥቀው ደረሰ።

«ሰው ቃል እንዳይረሳ ብለህ... አንተ እናትህን ረሳህ!»

ከዚያ ኮቱን ወንበሩ ላይ በሥርዓቱ ዘረጋችው። ተናዳም እንኳ እጅጌውን አስተካከለችለት... ወጣች።

ዳይሬክተሯ ቋሚነቱን ከለከለችው። አሁን በየሰዉ ቤት እየዞረ ያስጠናል። ፎቶውን አጥፍቶታል፤ ግን አንዴ ከእጅ የወጣ ነገር መቼ ይመለሳል? ዛሬም በየሰዉ ስልክ አለ።

ቀጮ በዚያችው በአንዲት ጥያቄ ወድቃ ነበር። ደግማ ተፈትና አለፈች፣ ሪሴፕሽን ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ጓደኞቿም አብረዋት ናቸው።

እናትየው ያው አንሶላዋን ትተኩሳለች፣ ሳሙናዋንም ታጣብቃለች። ልጇ ሲመጣ በር ትከፍትለታለች... እናት አይደለች? ስልኩን ግን ደጅ አስቀምጦ ነው የሚገባው!

ስሟም አልተቀየረም። ልጆቹ ትርጉሙን እያወቁ «እትዬ ፓርሲሞኒየስ» ይሏታል። እሷም እያወቀች «አቤት» ትላለች።

ልጆቼ፣ እናት ለራሷ የነፈገችው ለእናንተ ያጎረሰችውን ነው። በእናቱ ቁጠባ ያደገ ሰው በእናቱ ቁጠባ አይሳቅ!

እናንተስ... ከእናታችሁ ፎቶ ሥር አንድ ቃል ብቻ ጻፉ ብትባሉ ምን ትጽፋላችሁ?

ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች... እሷ እንኳ አትዋሸኝም!